ሲሬ ላይ ሰላምታ የጠየቀችው ማሽን

ነቀምቴ ተመድቤ ስመጣ አንዲት የኦሮምኛ ቃል አላውቅም ነበር። የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። አከራዬ ገና በመጀመሪያው ሳምንት፣ «እዚህ አገር ሰላምታ ሳትጨርስ ወሬ አትጀምርም። ሰውየውን ትጠይቃለህ፣ ልጆቹን ትጠይቃለህ፣ ከብቶቹን ትጠይቃለህ፣ ከዚያ የመጣህበትን ትናገራለህ» ብለው አስጠነቀቁኝ። ምክራቸውን ከልቤ ያዝኩት። ጣጣ ውስጥ የከተተኝም እሱ ነው።

የምሠራው ነፍሰ ጡሮችን፣ የሚያጠቡ እናቶችንና ክብደታቸው የቀነሰ ሕፃናትን በምግብ በሚያግዝ ፕሮግራም ውስጥ ነው። ድሮ የምንሰጠው ኩፖን ነበር። ወረቀት ነውና ዝናብ ይመታዋል፣ አይጥ ይበላዋል፤ አንዷ እናት እንዲያውም ከቀሚሷ ጋር አጥባ አምጥታው፣ «ምን አጠፋሁ? ንጹሕ ነው» ብላናለች። ስለዚህ ወደ ኤሌክትሮኒክ ካርድ እንድንሸጋገር ተወሰነ። እናቶቹ ካርዳቸውን ይዘው ወደተመረጠው ሱቅ ይሄዳሉ፤ ባለሱቁ ዘንድ ባለችው ትንሽ ማሽን ውስጥ ካርዱን ያስገባሉ፤ ምስጢር ቁጥራቸውን ይጫኑና እንቁላል፣ ምስርና ዘይት ይወስዳሉ። ማንበብ ለማይችሉት ማሽኗ በድምፅ እየነገረች ትመራቸዋለች።

የኦሮምኛውን ድምፅ ሊቀዳልን የነበረው ሰው ጉንፋን ይዞት ጉሮሮው ተዘጋ። አስተባባሪያችን የነቀምቴ ልጅ ናት፤ ፈጣን፣ ስልክ ከጆሮዋ የማይለይ። ቢሮውን ዞር ዞር ብላ አየችና፣ «አንተ ቅዳው» አለችኝ።

«እኔ? በዚህ ኦሮምኛዬ?»

«አማርኛውን ስለምትቀዳ በዚያው ጨርሰው። የሙከራ ነው፣ በኋላ እንቀይረዋለን።»

«ለምን አንቺ አትቀጂውም?»

«የኔ ድምፅ በስልክም ሰው ያስደነግጣል» አለችና የሚባለውን በጥድፊያ ነግራኝ ሄደች። ጸጥ ያለ ቦታ ስላጣሁ መጋዘን ገብቼ በዱቄት ጆንያዎች መካከል ቆሜ ቀዳሁት። ልጀምር ስል ግን አከራዬ ትዝ አሉኝና ከራሴ ጨመርኩበት፤ «አካም ጅርቱ? ነጋ ዳ?» እንደምን አላችሁ፣ ሰላም ነው ወይ ማለት ነው። ከጆንያዎቹ መካከል ስወጣ ኩራቴ ሌላ ነበር።

ሙከራው ከነቀምቴ ወጣ ብላ ባለችው የሲሬ ከተማ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ባለች ሱቅ ሆነ። ባለሱቁ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ሰው ነው። ማሽኗን ባንኮኒው ላይ ዳንቴል አንጥፎ አስቀምጧታል። እናቶቹ እስከ ደጅ ድረስ ተሰልፈዋል። ከፊት የቆሙት ልጃቸው ስለታመመች በእሷ ፈንታ ሕፃኗን አዝለው የመጡ አዛውንት ነበሩ። ካርዱን እንዴት እንደሚያስገቡ አሳየኋቸውና አስገቡት።

«አካም ጅርቱ? ነጋ ዳ?» አለች ማሽኗ በኔ ድምፅ።

አዛውንቷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ወደ ማሽኗ ጎንበስ ብለው፣ «ገለታ ዋቀዮ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነን» አሉ። «አንተስ ደኅና ነህ? ቤተሰብህ ደኅና ነው? ዝናቡስ እናንተ ዘንድ እንዴት ነው?» ስለ ልጃቸው ሕመም ማውራት ሲጀምሩ ማሽኗ፣ «ጊዜው አልፏል፤ ካርድዎን ያውጡ» አለችና መብራቷ ጠፋ።

ሰልፉ ተንጠራርቶ ማሽኗን አየ።

«ጠይቆኝ ነበር እኮ!» አሉ አዛውንቷ። «እየመለስኩለት ጥሎኝ ሄደ!»

«እናቴ፣ ሰው አይደለም» አልኩ በተሰባበረ ኦሮምኛዬ። «የተቀዳ ድምፅ ነው። የኔ ድምፅ ነው።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ይኸው ፊቴ ቆመህ የለም እንዴ? እዚያ ውስጥ ገብተህ የምትጠይቀኝ ለምንድን ነው?»

ባጭሩ እንዲመልሱ ለምነናቸው እንደገና ሞከሩ። ባጭሩ መለሱ፤ በእሳቸው ልክ ባጭሩ። ማሽኗ ደግማ ጠፋች።

ተከታይዋ ቀልጣፋ ወጣት እናት ናት። ሰላምታውን በ«እሺ እሺ» አልፋ ቁጥሯን ተጫነች። ማሽኗ አሁን «እባክዎ ይጠብቁ» ማለት አለባት። «ማሎ፣ ኤጌ» አለች።

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ወጣቷ ደንግጣ ዞራ የቀሚሷን ኋላ አየች፤ ሳቁ ባሰ። ባለሱቁ ከስኳሩ ኬሻ ጀርባ ሄዶ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ቆየና ዓይኑን እየጠረገ ተመለሰ።

«ወንድሜ» አለኝ በአማርኛ፣ «ጠብቁ ለማለት ፈልገህ ነው አይደል? እሱ ‹ኤጋ› ነው። አንተ ያልከው ‹ኤጌ› ነው።»

«ኤጌ ምንድን ነው?»

«ጭራ። ‹እባክዎ፣ ጭራ› ነው ያልካት።»

ቀጥሎ ከኪራሙ ወረዳ ተፈናቅለው ሲሬ የተጠለሉ፣ ዘራቸው ከወሎ የሆነ ሴት መጡና የአማርኛውን ቁልፍ ተጫኑ። እዚህስ አልዋረድም ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ማሽኗ አንድም ቃል አልሳተችም። ሴትየዋ እስከ መጨረሻው በጥሞና አዳመጡና፣ «ይኸ ማሽን ጎጃሜ ነው እንዴ?» አሉ።

ለአስተባባሪዋ ደወልኩ። ስቃ ስቃ ሲበቃት፣ «ሰላምታውን ማን ጨምር አለህ? አጥፋው! ቀጥታ ወደ ቁጥሩ ይግባ» አለች። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌው ስለነበር ሴቶቹ ሁሉ ሰሟት።

«አይሆንም!» አለች ወጣቷ። «እንደምን ዋልሽ ሳይል ‹ምስጢርሽን አምጪ› የሚል ሌባ ብቻ ነው።»

ሰልፉ አጨበጨበላት። አስተባባሪዋ «እንግዲያው እናንተው ወስኑ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ክርክር ተጀመረ። አንዷ ስለ ልጆች ብቻ ይጠይቅ አለች። ባለሱቁ፣ ልጆች ከተነሱማ ጉንፋኑና ተቅማጡ እስኪወራ ሱቁ ይመሻል ብሎ ተቃወመ። በመጨረሻ ወጣቷ፣ «መጠየቁ ይቅርና ይቀበለን» አለች። ‹በጋ ነጋን ዱፍተን› ይበል፤ እንኳን በሰላም መጣችሁ። መልሱ ‹በጋ ነጋን ቱርተን› ነው፤ እንኳን በሰላም ቆያችሁ። ከዚያ በኋላ ዝም ቢባል ማንም አይቀየምም። አዛውንቷ አሰቡበትና፣ «እሱ ይሻላል፤ ቢሄድም አላዝንበትም» ብለው ጉዳዩን ዘጉት።

አዲሱን ድምፅ የቀዳችው ራሷ ወጣቷ ናት፤ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ስለሆነች ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው። ከባለሱቁ ጓዳ ገብተን ስንቀዳ፣ ልንጨርስ ባልን ቁጥር አንድ የጊምቢ አውቶቡስ ጡሩንባውን ይነፋብናል። በመጨረሻ ተሳካና አሰማናት። የራሷ ድምፅ «በጋ ነጋን ዱፍተን» ሲላት፣ «በጋ ነጋን ቱርተን» ብላ መለሰችለት። ሳቅንባት። «ምን ላድርግ?» አለች። «ዝም ብል ትዕቢት ይመስላል።»

እውነተኛው ሥራ የተጀመረ ቀን ኔትወርክ ጠፍቶ ረፋዱን በመጠበቅ አሳለፍነው። ባለሱቁ ማሽኗን ይዞ ደጅ ወጣ፣ ድንጋይ ላይ ቆመ፣ እንደ ሕፃን ከፍ አድርጎ ያዛት። ሲመጣለት ቅድሚያ ለአዛውንቷ ተሰጠ። ሰላምታው ባማረ ሁኔታ አለፈ። ምስጢር ቁጥሩ ላይ ሲደርሱ ግን እጃቸውን አነሱ። ካርዱን ስናድል በሰጠነው ሥልጠና ላይ ማንም ቁጥራችሁን እንዳያይባችሁ ብለን ነበር።

«ዙሩ» አሉ።

ሰልፉ ሁሉ ጀርባውን ሰጠ። ባለሱቁም ወደ መደርደሪያው ዞረ።

«አንተም» አሉኝ።

ከመደርደሪያው ጋር ተፋጥጬ የጨው እሽጉ ላይ ያለውን ጽሑፍ በሙሉ አነበብኩ። ወደ ሳሙናው ስሻገር፣ «ተሳስቻለሁ፣ እንዳትዞሩ» አሉ። ማንም አልዞረም። ቆይተን ማሽኗ ደረሰኙን እየተንጫጫች ስታወጣ ሰማንና ተነፈስን።

ባለሱቁ እንቁላሎቹን ሲያቀብላቸው ሕፃኗ ከጀርባቸው እጇን ሰድዳ አንዱን አፈፍ አድርጋ ጨመቀችው። አስኳሉ በባለሱቁ ሸሚዝ ላይ ወረደ። አዛውንቷ የሕፃኗን እጅ በነጠላቸው ጠረጉና ወደኔ ተጠግተው በሹክሹክታ፣ «ማሽኑ ይኼን አይቷል?» አሉኝ።

«አላየም፣ እናቴ።»

«እንግዲያው አትንገረው።»

ባለሱቁ ሌላ እንቁላል ጨመረላቸውና በእርጥብ ጨርቅ ሸሚዙን እየጠረገ፣ «ቀጣይ!» ብሎ ተጣራ።