ከሐዲዱ ማዶ የተበላ ገንፎ

ዳሲቱ ጂራታ ቃል ከሰጠች ሰጠች ነው። አቃቂ ላይ ይህን የማያውቅ የለም። ለእድር «ጠዋት ትልቁን ድስት አመጣለሁ» ካለች፣ ዶፍ ቢወርድ ወንዙም ሞልቶ ቢያጓራ ድስቷን ራሷ ላይ ደፍታ ከች ትላለች። ከአባቷ የወረሰችው ነው። ጂራታ ዛሬ ፋብሪካ በተተከለበት መሬት ላይ ጤፍና ሽምብራ ያርስ ነበር። መሬቱ ሄደ፣ በሬዎቹም ተሸጡ፤ ለልጁ የተረፋት አንድ ተረት ብቻ ነው፦ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ»። ትንሽ ልጅ ሳለች «አባዬ፣ እኔን ማለትህ ነው እንዴ?» እያለች ታስቀው ነበር። ምነው ያኔ በሳቅ ባታልፈው!

ክር ፋብሪካ ገብታ ብዙ ዓመት ፈተለች። ሠራተኛ ሲቀነስ እሷም ተቀነሰች። ሚሊኒየሙ በተከበረ ማግስት ደግሞ በወሊድ ሰበብ ስለሚሞቱ እናቶችና ጨቅላዎች የሚያጠኑ ሰዎች ሰፈሩ መጡ። ከሰፈር የተመረጠች ሴት ሠልጥና አራስ ቤት እየዞረች ብትመክር የሚሞተው ሕፃን ይቀንስ እንደሆነ ማወቅ ፈልገዋል። ለዚህም ሰፈሩን በባቡሩ ሐዲድ ለሁለት ከፈሉት። ከሐዲዱ ወዲህ ያለው ይጎበኛል፤ ማዶ ያለው እንደ ድሮው ይኖራል፤ በመጨረሻ ሁለቱ ይነጻጸራሉ።

ዳሲቱ ተመረጠች። ሰማያዊ ሰደርያና የትከሻ ቦርሳ ሰጧት፤ ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ትምህርቱንም ጠጣችው ማለት ይቀላል። ሕፃን እንደተወለደ አይታጠብም፤ ገላው ከእናቱ ገላ ጋር ይጣበቅ። እግሩ ከቀዘቀዘ፣ ጡት አልይዝ ካለ፣ ድምፁ ከጠፋ፣ ነገ ሳይባል ወደ ጤና ጣቢያ። ሥልጠናው ሲያልቅ ተቆጣጣሪዋ ሲስተር ሙሉአለም ሴቶቹን ሰበሰበች።

«አደራችሁን፣ ከሐዲዱ ማዶ ይህን ትምህርት እንዳታስተምሩ። ሁለቱ ወገን ከተቀላቀለ ልፋታችንን ሁሉ ውሃ በላው። ቃል ግቡልኝ።»

«ቃሌ ነው» አለች ዳሲቱ፣ ከሁሉም ቀድማ።

ከሐዲዱ ማዶ ግን ልዕልት ነበረች። ልዕልት ማለት ፋብሪካ ሳሉ አንድ ማሽን ላይ አብራት የቆመች፣ ከአንድ ምሳ ዕቃ አብራት የበላች የልብ ጓደኛዋ ናት። የቃሊቲ ማረሚያ ቤት ጥበቃ የሆነውን ሰይፈሥላሴን አግብታ ስንት ዓመት ልጅ አጥታ፣ ስንት ጠበል ተጠምቃ፣ በስተመጨረሻ ማርያም ሰምታት አረገዘች። ዳሲቱ ያን ሰሞን ሰደርያዋን ሳታወልቅ ልዕልት ቤት አትሄድም ነበር። ስለ እርግዝና ወሬ ከተነሳም ወሬውን ወደ ሽንኩርት ዋጋ ታዞረዋለች።

ልዕልት ወንድ ልጅ ወለደች። በማግስቱ ዳሲቱ እንደ ጎረቤቱ ሁሉ አራስ ልትጠይቅ ሐዲዱን ተሻገረች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ብላ ስማት ከአልጋው ጎን ተቀመጠች። አማቲቱ እትዬ ፈለቀች ቤቱን ሞልተውታል። ልጁን እንደተወለደ በገዛ እጃቸው ያጠቡት እሳቸው፣ ቅቤ ያዋጡት እሳቸው፣ ገንፎውን ያገነፉት እሳቸው።

«ይሄ ልጅ እኮ ጨዋ ነው!» ይላሉ ለእንግዳው። «እንደ አያቱ ጭምት! ይኸው ከትናንት ጀምሮ ድምፁ አይሰማም። ጡትም ቢሆን አይስገበገብም።»

እንግዳው ሳቀ። ዳሲቱ አልሳቀችም። እጇን በብርድ ልብሱ ሥር ሰደደችና የልጁን እግር ነካች። የጠዋት ቧንቧ የነካች መሰላት። ልዕልት ጡቷን ከአፉ ብታስጠጋው ከንፈሩን እንኳ አላንቀሳቀሰም።

ወይ ዳሲቱ! «ይሄ ልጅ ታሟል፣ ተነሡ!» ልትል አፏን ከፈተች። እዚያው ላይ የሲስተር አደራና የአባቷ ተረት ትዝ አላት። ዓርብ ስብሰባ አለ፤ ሲስተርን አስፈቅጄ እነግራቸዋለሁ አለች በልቧ። እትዬ ፈለቀችም «ምነው አፍሽን ከፍተሽ ቀረሽ፣ ብዪ እንጂ!» ብለው ሳህኑን አስጠጉላት። ገንፎውን ቆርሳ፣ ቅቤና በርበሬው ላይ አጥቅሳ ጎረሰች። ስትወጣም እንደ ደንቡ «ማርያም ጭንሽን ታሙቀው» ብላ መረቀቻት።

ልጁ ዓርብን አላየም።

ክርስትና ላልተነሣ ልጅ ድንኳን አይጣልም። ሁለት ሦስት ወንዶች ይዘውት ሄደው ቀበሩትና ሰዉ «ማርያም ትካስሽ» ብሎ ተበተነ። ዳሲቱም «ማርያም ትካስሽ» አለች፤ ምላሷ እሬት እሬት አላት።

ዓርብ ስብሰባው ሲያልቅ ወደ ኋላ ቀረችና ለሲስተር ሙሉአለም ነገረቻት። ለምን እንደነገረቻት እንጃ! ምናልባት «ቃልሽን ጠብቀሻል» የሚል ሰው ፈልጋ ይሆናል። ሲስተር ግን ፊቷ አመድ መሰለ።

«ማን ነው የታመመ ሕፃን እያየሽ ዝም በዪ ያለሽ? እየዞራችሁ አታስተምሩ አልኩ እንጂ... የታመመማ የትም ይሁን የት ይላካል! ይህንንም የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።» ግንባሯን ያዘች። «አልተናገርኩም እንዴ ዳሲቱ?»

«አልተናገሩም» አለች ዳሲቱ። ሁለቱም አለቀሱ። የሲስተር ልቅሶ ግን የእሷን ሸክም ቅንጣት አላቀለለላትም። ቢነገራት ባይነገራት፣ እግሩን የነካችው በገዛ እጇ ነው። ተረቱስ ቢሆን የገዛ ልጅሽን አለ እንጂ የሰው ልጅ መች አለ?

እዚያ ማዶ ደግሞ ነገር ይብላላ ጀመር። እትዬ ፈለቀች ልጁ የሞተው በእናቱ ጥፋት ነው ብለው ተነሡ። ልዕልት በወለደች በሦስተኛው ቀን በቀትር ብቻዋን፣ ብረት እንኳ በእጇ ሳትይዝ፣ ወደ ጓሮ ወጥታ ነበርና «የቀትር ጋኔን አስመታችው፤ ልጄን ዘር አሳጣችው» እያሉ ለመጣ ለሄደው ያወራሉ። ሰይፈሥላሴ እናቱን አይናገርም፤ ሚስቱንም አያይም። ልዕልት ራሷ አመነች። አንድ ቀን ሐዲዱን ተሻግራ መጣችና ዳሲቱ እግር ሥር ዝርግፍ አለች።

«ቢላዋው እኮ ራስጌዬ ነበር ዳሲ። ምን ነበር ባነሣው? እኔው ነኝ አይደል የገደልኩት?»

«ተይ እንጂ፣ የእግዜር ሥራ ነው» አለቻት። ይህን ብቻ አለቻት! ከዚያች ቀን በኋላ እህል አልበላ አላት፤ ገንፎማ ሲቀርብላት ሳህኑን ትገፋው ጀመር። በየአራስ ቤቱ እየገባች የሰው ልጅ እግር ሁለት ሦስት ጊዜ እየመላለሰች ትነካ ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ልዕልትን ሐዲዱ ላይ አገኘቻት። ልብሷን በነጠላ ቋጥራ ደብረ ዘይት ወላጆቿ ዘንድ ልትሄድ ነው። «ይበቃኛል፤ ሌላ አግብቶ ይውለድ» አለች። ዳሲቱ ቋጠሮውን ከእጇ ነጠቀቻትና ክንዷን ይዛ እየጎተተች ወደ ባሏ ቤት መለሰቻት። እትዬ ፈለቀችና ሰይፈሥላሴ ምሳ ላይ ነበሩ።

«እትዬ ፈለቀች፣ ጋኔን አልመታውም» አለች ገና ከደጃፉ። «ልጁ የታመመው ልዕልት ጓሮ ከመውጣቷ በፊት ነው። ገንፎ ልንበላ የመጣን ቀን እግሩ በረዶ ነበር። ጡት አልያዘም። ድምፁ የጠፋው ጨዋ ስለሆነ አልነበረም። ነካሁት፣ አወቅሁ፣ ዝም አልኩ። ማዶ እንዳላስተምር ቃል ገብቼ ነበርና ቃሌን ብዬ ዝም አልኩ።»

እትዬ ፈለቀች ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «ታዲያ ያጠብኩት እኔ ነኛ! ገዳይዋ እኔ ነኝ በዪኛ!»

«እርስዎ የሚያውቁትን አደረጉ። እያወቅሁ የተውኩት እኔ ነኝ።»

ሰይፈሥላሴ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ልዕልት አልጮኸችም። ጓደኛዋን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«ገንፎዬን በልተሽ ነበር» አለቻት። «አፍሽን ለገንፎዬ ከፍተሽ ለልጄ ዘጋሽው?»

ዳሲቱ ቋጠሮውን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ልዕልት ደብረ ዘይት አልሄደችም። ባሏ ማታውኑ እግሯ ላይ ወድቆ ይቅርታ ለመናት፤ አማቲቱም የቀትሩን ወሬ ዳግም አላነሡትም። ዳሲቱን ግን ልዕልት መንገድ ላይ ስታያት ዞር ትላለች። ጥናቱም አለቀ። አዳራሽ ውስጥ፣ የተጎበኙት ጨቅላዎች ማዶ ካሉት ይልቅ ብዙዎቹ ተርፈዋል ተብሎ ተጨበጨበ። ዳሲቱ እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች። ከማዶዎቹ አንዱን ታውቀው ነበር፤ በስም ግን አይደለም፤ ስም ሳይወጣለት ነው የሄደው።

ከዚያ በኋላ ልዕልት ደግማ ወለደች። ጎረቤቱ ሁሉ ሲጠራ ዳሲቱን የጠራት የለም። ቀኑን ሙሉ ደጇ ላይ ስትቀመጥ ስትነሣ ቆይታ፣ የመጣው ይምጣ ብላ ሐዲዱን ተሻገረች። ስትገባ የቤቱ ጨዋታ ቀጥ አለ። እትዬ ፈለቀች የገንፎውን ሳህን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ልዕልት አልጋው ላይ ናት፤ ልጇ በነጠላ ተሸፍኖ ደረቷ ላይ ተለጥፏል።

«ገንፎ አልሰጥሽም» አለቻት።

ዳሲቱ አንገቷን ደፍታ ልትመለስ ስትል፣ ልዕልት የልጇን እግር ከነጠላው ሥር አወጣችው።

«ነይ ንኪው። ያወቅሽውንም አሁኑኑ ንገሪኝ።»