የባጃጁን ሸራ የቆረጥኩት እኔ ነኝ

የልጄ ባጃጅ ሸራ እንዴት እንደተቀደደ መርሳ ከተማ ላይ ብዙ ተወርቷል። ታጣቂዎቹ ለመኝታ ገፈው ወሰዱት የሚል አለ፤ ጥይት በጣጠሰው የሚልም አለ። ሁለቱም ውሸት ነው። በሽንኩርት ቢላዋ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። በሌላ ሸራ የተካሁትም እኔው ነኝ።

ልጄ ከመናኸሪያው ተነስታ ግራና ወደምትባለው ከተማ በሚወስደው መንገድ ባጃጅ ትነዳ ነበር። ስትጀምር ሰው ሳቀባት። ወንዶቹ ሾፌሮች ተራዋን እየዘለሉ ይጭኑ ስለነበር አንድ ጠዋት ሄጄ ከሰልፉ ፊት ቆምኩና፣ "ተራዋ ሳይደርስ የሚንቀሳቀስ ካለ በእኔ ላይ ይንዳ" አልኩ። ከዚያ ወዲህ ተራዋን የነካ የለም። እሷ ግን አሳፈርሽኝ ብላ ሳምንት አኮረፈችኝ። ያቺ ኩርፊያ እንኳ አሁን ትናፍቀኛለች። ቤት ውስጥ የሚያኮርፍ ሰው ካለ ሰው አለ ማለት ነው።

ጦርነቱ ወደ እኛ የመጣው በክረምት ነው። ወልድያ ተያዘች ሲባል ልጄ ትንሿን ልጇን አዘለች። ነዳጅ ከከተማው ጠፍቶ ስለነበር በእግሯ ወደ ውርጌሳ ልትወጣ ነው።

"ነይ እማዬ፣ እንሂድ።"

"ባጃጁስ?"

"ባጃጁ ገደል ይግባ! አንቺ ነይ።"

ጉልበቴ አይችልም አልኳት። ጉልበቴስ ይችል ነበር። እሷ ስንት ዓመት ፀሐይና አቧራ የጠጣችበትን ንብረት ለማን ጥዬ ልሂድ ብዬ ነው። ልጅቱ ከጀርባዋ ሆና ዞራ እያየችኝ ሄዱ። ከውርጌሳ ደሴ፣ ደሴም ሲያሰጋ ደብረ ብርሃን መድረሳቸውን የሰማሁት ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ስልኩ ተቋርጦ ነበርና።

ታጣቂዎቹ መርሳ በገቡ በሦስተኛው ቀን ከታችኛው ሰፈር ሞተር ሳይክል ተወሰደ። ቀጥሎ አንድ አይሱዙ። የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ እንደሚወሰድ ሲገባኝ ባጃጁ የማይንቀሳቀስ መምሰል እንዳለበት አሰብኩ። ልጄ ስትፈታ አይቼ ስለነበር የፊት ጎማውን ፈትቼ በጤፍ ጭድ ውስጥ ቀበርኩት። ሸራውን ለመፍታት ብሎኑን ብታገለው ዝጎ እምቢ አለኝ። ጊዜ አልነበረም። ቢላዋ አመጣሁና ዙሪያውን ቆርጬ ገፈፍኩት፤ አጣጥፌም ከአልጋዬ ሥር አስገባሁት። መቀመጫው ላይ ዶሮዎቼን አሰፈርኳቸው።

ሲመጡ አንደኛው በእግሩ ገፋ አደረገው። ዶሮዋ ጮኸችበት። "ይሄማ ሞቷል" አለ ለጓደኛው። ባትሪውን ነቅለው ሄዱ። ስለ ባትሪው አላሰብኩም ነበር፤ ያ የእኔ ጥፋት ነው።

ታጣቂዎቹ በታኅሣሥ ወጡ። ስልኩ እንደተመለሰ ልጄ ደወለች።

"እማዬ፣ አለሽ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ አለሁ። ባጃጁም አለ።"

ከዚያ ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ እንደያዘች፣ ልጅቱም ትምህርት ቤት እንደገባች ነገረችኝ። "እስቲ ይሁን፣ እናያለን" አለች ስለ መመለስ ስጠይቃት። እኔ ልጄን አውቃታለሁ። እናያለን ስትል መልሱን ይዛዋለች። ያን ቀን ወሰንኩ። ባጃጁ እንደ ድሮው ከሆነ እንጀራዋ እዚህ ይሆናል፤ እንጀራዋ እዚህ ከሆነ ደግሞ እሷም ልጅቱም ይመለሳሉ። ሸራ የሌለው ባጃጅ ላይ ግን ማንም አይሳፈርም።

በመሃሉ የወደመ ንብረት የሚመዘግቡ ወጣቶች በየቤቱ ይዞሩ ነበር። አንዱ ባጃጁን ዞር ዞር ብሎ አየና ጻፈ። መሠረተ ትምህርት ፊደል ያስቆጠረኝ እንዲህ ላለው ቀን ነውና ሳልፈርም አነበብኩት። ባትሪና ሸራ ይላል።

"ሸራውን ሰርዝ" አልኩት።

"ለምን እማማ? አንቱ ይፈርሙ እንጂ፣ ሁሉም ያስመዘግባል።"

"የቆረጥኩት እኔ ነኝ።"

"በእነሱ ምክንያት አይደል የቆረጡት?"

"በእነሱ ምክንያት፣ በእኔ ቢላዋ። ባትሪውን ጻፍ፤ ይከፍሉበታል፣ እዚህ ባይሆን በአኺራ። ያላደረጉትን ግን አላሸክማቸውም። ያደረጉት መች አነሰና።"

ሰረዘው። ሲወጣ ለጓደኛው "ሴትዮዋ ጉድ ናቸው" ሲል ሰማሁት።

ሸራውን የገዛሁት ወልድያ ነው። ለጭነት መኪና የሚሆን ሰማያዊ፣ ወፍራም። ከመናኸሪያው እያረፍኩ ተሸክሜው መጥቼ ለልብስ ሰፊው ባሳየው በጣቱ ቆንጠጥ አደረገና፣ "እማማ፣ ይሄ መርፌዬን ይሰባብርብኛል" አለ። ወልድያ ያለው የመኪና ወንበር ሰፊ ደግሞ ባጃጁን አምጡልኝ ይላል። ያለ ባትሪ በምን አመጣለታለሁ? እንግዲህ ራሴ ልሰፋው ነው። ስፌትስ ስንቱን ሌማት ሰፍቻለሁ። ወስፌ አለኝ፣ ሲባጎ አለኝ።

አሮጌውን ሸራ ከአልጋዬ ሥር አውጥቼ አዲሱ ላይ ዘረጋሁትና በከሰል ዙሪያውን አሰመርኩ። ውስጡን ስገለብጠው እስክርቢቶ የተጫረበት አገኘሁ። ልጅቱ ከእናቷ ኋላ ተቀምጣ ስትሄድ የሞነጫጨረችው ነው፤ ክብ ክብ ነገር፣ እግር ያለው ክብ። ቁመቱን በስንዝር ለካሁ። አሁን ብትቀመጥ እጇ ከዚያ በላይ ይደርሳል። የት ድረስ እንደሚደርስ ግን ማወቅ አልቻልኩም፤ ልጅ በስልክ አይለካም።

ስፌቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ፈጀ። የኋላውን የፕላስቲክ መስኮት ከአሮጌው አውጥቼ አዲሱ ላይ ገጠምኩት። ሲባጎው የሚገባበትን የብረት ቀለበት ጫማ ሰፊው መታልኝ። ሲያልቅ የሚወጥርልኝ ሰው ስላስፈለገኝ እኩያዬ የሆነችውን ጎረቤቴን ጠራኋት።

"እመቤቴን! ለብረት ቀሚስ ሲሰፋ ዛሬ ገና አየሁ" አለች።

"ዝም ብለሽ ጫፉን ያዢ።"

"ይዤ የለ! እኔ ላይ ከምትጮሂ በጥርስሽ ጎትቺው።"

"ጥርስ ቢኖረኝ አንቺን ምን አስጠራኝ?"

ከፊት መስታወቱ በላይ አሰርነው። በብረቶቹ ላይ አሳልፈን ወደ ኋላ ስንስበው ግን አልደረሰም። እኔ ጎተትኩ፣ እሷ ጎተተች። አራት ጣት ጎደለ።

"ባጃጅሽ ወፍሯል" አለች እያለከለከች። "ሁላችን በጦርነቱ ስንከሳ ለብቻው ወፍሯል።"

አልሳቅሁም። ጎንበስ ብዬ የኋላውን ብረት ሳየው ከብሎኑ ሥር ያረጀ ሸራ ተጣብቆ ቀርቷል። ስፋቱ አራት ጣት። ያን ቀን በጥድፊያ ስቆርጥ ቢላዋው ከብረቱ ራቅ ብሎ ነው የሄደው። እኔ ለልክ ያነጠፍኩት ደግሞ ከዚያ የጎደለውን ነው። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ።

"አንቺ! ለአራት ጣት ሸራ ይለቀሳል?"

"ለሸራው መሰለሽ?"

አጠገቤ ቁጭ አለች። የእሷም ወንድ ልጅ ወጥቶ አልተመለሰም።

በማግስቱ ከትርፉ ቁራጭ አራት ጣት ቀጠልኩበት፤ ጫፉን አጥፌ ደርቤ ሰፋሁና ውሃ እንዳያስገባ በሻማ አሸሁት። በዚህ ጊዜ ተማርኩ፤ ጠዋት በብርዱ አልወጠርነውም። እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ እስኪያለሰልሰው ጠብቀን ስንስበው እሺ አለ። ሲበርድ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ብቻ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል በቅጥያው በኩል ጠብ ጠብ አለ። ሻማው አላዋጣም።

ልጄ ለዒድ መጣች። ብቻዋን።

"ልጅቱስ?"

"ለጎረቤት ትቻት ነው። መንገዱ አስፈራኝ።"

ባጃጁን ስታይ ሻንጣዋን ጣለች። ሸራውን በመዳፏ ዳበሰች፣ ስፌቱን በጣቷ ተከተለች።

"ማን ሰፋው?"

"እኔ።"

"ማን ቀደደው?"

"እኔ።"

እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ባትሪ ገዝታ ከጭዱ ካወጣሁት ጎማ ጋር ገጠመችና በማግስቱ ኋላ አስቀምጣኝ ግራና ድረስ ነዳችኝ። ነፋሱ ሸራውን ሲመታው ከድሮው የተለየ ድምፅ ነበረው፤ ወፈር ያለ። መንገድ ላይ የሚያውቋት እጃቸውን ያነሱላት ነበር። ተመለሰች አልኩ በልቤ። ይኸው፣ ተመለሰች።

ግቢ ገብታ ሞተሩን ካጠፋች በኋላ ዞር ሳትል ነው የነገረችኝ። "እማዬ፣ ባጃጁን የሚገዛኝ ሰው ከውርጌሳ አግኝቻለሁ። ሸራ ባይኖረው ኖሮ ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር። አንቺ ነሽ ያዳንሽው።" ቀጥላም፣ "ሊብሬው አለ?" አለችኝ።

ያለ ሊብሬ ባጃጅ አይሸጥም። ሊብሬውን በፌስታል ጠቅልዬ ከምድጃው ጀርባ ባለው ግድግዳ ውስጥ አስገብቼ በጭቃ መርጌበት ነበር። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ሊብሬ የሚያወጣው መሥሪያ ቤት ደግሞ ተዘርፎ ወረቀቱን ገና ከመሬት ይለቅማል፤ ለጠፋ ሊብሬ ምትክ ማውጣት ወራት ነው። ወራት እዚህ፣ ከእኔ ጋር። ጠፋ ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። ስንት ነገር የጠፋበት ከተማ ነው፣ ማን ይጠይቀኛል?

ቆምኩ። ባጃጁ ግን የእሷ ነው። በእሷ ንብረት እሷን ማሰር ምን ይባላል? ቢላዋውን አምጥቼ ግድግዳውን ፈለፈልኩና ሰጠኋት።

ገዢው ሲመጣ ቅጥያውን አሳየሁት። "ዝናብ ሲበረታ በዚህ በኩል ያንጠባጥባል።"

"እማዬ!" አለች ልጄ።

"ግድ የለም እማማ" አለ ሰውየው፤ "እዚያ የሚቀመጠው ተሳፋሪ ነው።"

"ተሳፋሪስ ሰው አይደለም?"

ሳቀና አሠራዋለሁ አለ። ነድቶት ወጣ።

ልጄን እስከ መናኸሪያው ሸኘኋት። አውቶቡሱ እስኪሞላ በመስኮቱ ሥር ቆሜ ነበር። ጎንበስ አለችልኝ።

"ሊብሬው ጠፋ ብትይኝ እኮ አምንሽ ነበር።"

"አምነሽስ?"

"እስኪወጣ እቀመጥ ነበር። ልጅቱንም አስመጣት ነበር። ከዚያማ... ማን ያውቃል፣ እንደተቀመጥኩ እቀር ነበር።"

"ታዲያ አሁን ለምን ትነግሪኛለሽ?"

"እንጃ" አለች። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ።

ትደውላለች፤ ደህና ናቸው። እኔም ያደረግሁት ትክክል እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዛሬም ብትጠይቀኝ ግድግዳውን እፈለፍላለሁ። ግን ግቢው ጭር ሲል ያቺን ያላልኳትን ቃል ምን ትመስል እንደነበር ለመስማት ጮክ ብዬ እሞክራታለሁ። "ጠፋ" እላለሁ። ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ ትሰማኛለች።

"ምን ጠፋብሽ?"

ያን ጊዜ ብቻ እዋሻለሁ። "ምንም" እላታለሁ።