ዙሩን ልጨርስ

ልብስ ሰፊዋ በቤቷ ውስጥ ተጠይቃ አታውቅም ማለት ውሸት ይሆናል። ከጠዋት እስከ ማታ ስትጠየቅ ነው የምትውለው። «ሸሚዜ የት ገባ?» ትባላለች። «ምሳ ደረሰ?» ትባላለች። «ይሄ ቁልፍ ሳይጠፋ ትተክዪልኛለሽ?» ትባላለች። አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ የሚል ጥያቄ ግን በዚያ ቤት በር ገብቶ አያውቅም። እሷም አልጠበቀችውም። የልብስ ስፌት ማሽኗ መስኮቱ ስር ተቀምጧል፤ ፊቷ ወደ መንገዱ፣ ጀርባዋ ወደ ቤተሰቡ ነው። ቤቱ ውስጥ የሚወራውን ሁሉ የምትሰማው በጀርባዋ ነው።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ቀኑን ሙሉ ከኋላው ሰው ሲነታረክ ስለሚውል፣ ቤቱ ሲገባ ንትርክ የሚባል ነገር መስማት አይፈልግም። ስለዚህ አንድ ሕግ አወጣ። ቤተሰቡ ላይ ከበድ ያለ ጉዳይ ሲመጣ፣ ነገሩን የሚፈልግ ሰው «አይሆንም» ብሎ ይከራከራል፤ የማይፈልግ ደግሞ «ይሁን» ብሎ ይከራከራል። ሰው የባላጋራውን ሐሳብ በገዛ አፉ ሲናገር ይለዝባል ብሎ ያምናል። ፍሪጅ ሲገዛ እንዲህ ነበር። ፍሪጁን ከማንም አብልጦ የሚፈልገው እሱ ራሱ ስለነበር፣ ቆሞ ያን ፍሪጅ እንዲህ አድርጎ ሲያወግዘው ልጆቹ ፈርተው ለሳምንት ያህል በሩን መክፈት አቃታቸው።

ክርክሩን ሰምተው የሚፈርዱት እትዬ ናቸው። እትዬ የሾፌሩ ታላቅ እህት፣ ከትምህርት ቤት ርእሰ መምህርትነት ጡረታ የወጡ፣ እናታቸው ስትሞት ወንድማቸውን አጥበው አልብሰው ለዚህ ያበቁ ሴት ናቸው። በየእሑዱ ይመጣሉ። እሳቸው ሲገቡ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይነሳል፤ ቦርሳቸውን አስቀምጠው፣ ቀሚሳቸውን አስተካክለው እስኪቀመጡ ድረስ ማንም አይቀመጥም። ይህን ያዘዘ ሰው የለም። ግን እንደዚያ ነው።

ፕሌይስቴሽን የሚባለውን የጨዋታ ማሽን ወሬ ያመጣው ትንሹ ልጅ ነው። ከመንገዱ ማዶ አንድ ጌም ቤት አለ። ትንሹ ከትምህርት ቤት ሲወጣ እግሩ ወደ ቤት ሳይሆን ወደዚያ ይወስደዋል። እናቱ በመስኮት ታየዋለች፤ ስፌቷን አቁማ፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ትወርዳለች፤ ጆሮውን ይዛ ትመልሰዋለች። ይህ የሁለቱም የዘወትር ሥራ ነበር።

አንድ ቀን ግን ስትደርስ ልጁ የለም። ስትመጣ አይቷት በጓሮ በር አምልጧል። ልትመለስ ስትል ዝናቡ ወረደ፤ መንገዱን ማቋረጥ የማይታሰብ ሆነ። የጌም ቤቱ ባለቤት ቀጭን ወጣት ነው፤ የጆሮ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ እንደ ሻርፕ ጣል ያደርገዋል።

«እናቴ፣ አረፍ ይበሉ» አላት።

«ግድ የለም፣ እዚሁ ቆሜ አያለሁ።»

«ቆሞ ማየት በዚህ ቤት አይፈቀድም። ወይ ይጫወታሉ፣ ወይ ይረጥባሉ።»

ሳቀችና ተቀመጠች። ጆይስቲኩን እጇ ላይ አስቀመጠላት። የመኪና ውድድር ነበር። መኪናዋ ገና ከመነሳቷ አጥር ጥሳ ባሕር ውስጥ ገባች። አጠገቧ የተቀመጡ ልጆች በሳቅ ፈረሱ፤ የሳቁት ግን በመኪናዋ አልነበረም። በእግሯ ነው። ቀኝ እግሯ የልብስ ስፌት ማሽኑ ፔዳል ከሥሯ ያለ ይመስል ወለሉን ይረግጥ ነበር።

«እናቴ፣ ነዳጁ በጣት ነው!» አለ አንዱ።

«እግሬን ተወው፣ የሚያውቀውን ይሥራ» አለችው።

በሁለተኛው ጊዜ ኩርባዎቹን መያዝ ጀመረች። ክብ አንገትጌ እንደምትሰፋ አሰበችው፤ ጨርቁን አትጎትተውም፣ አትገፋውም፣ ዙሩን ራሱ እንዲሄድ እጇን ታለዝብለታለች እንጂ። ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አታስታውስም። የምታስታውሰው ዝናቡ ማባራቱን ሳትሰማ መቅረቷን፣ «እሰይ!» ብላ መጮኋንና ድምፁ የራሷ መሆኑን ስታውቅ መደንገጧን ብቻ ነው። ስትወጣ እንደ ሌባ ግራ ቀኝ አየች።

ያን ምሽት እጇ ሸሚዝ ይሰፋል፣ ልቧ ግን ሌላ ቦታ ነበር። የልጅነት ሰፈሯ ትዝ አላት። የሰባት ልጆች ታላቅ ነበረች። ሴቶቹ ልጆች ገመድ ሲዘሉ የገመዱን አንድ ጫፍ የምትይዘው እሷ ነች። ጀርባዋ ላይ ሁልጊዜ አንድ ልጅ ስላለ፣ «አንቺም ዝለዪ» የሚላት አልነበረም። ገመዱን አሳምራ ታዞራለች ይሏት ነበር። ይህ ሙገሳ ሆኖ እስከ ዛሬ ድረስ ሆዷ ውስጥ ተቀምጧል፤ ያን ዕለት ግን ሙገሳ ሳይሆን ስድብ መስሎ ታያት።

ለፕሌይስቴሽን የሚበቃ ገንዘብ ነበራት። ለአንድ ሆቴል የሰፋችው መጋረጃ ዋጋ፣ በእጇ ላብ ያገኘችው ነው። ቤተሰቡ ሁሉ በዚያ ገንዘብ የጨርቅ ጠርዝ የሚጠርዝ ኦቨርሎክ ማሽን እንደምትገዛ ያውቃል። እሷም ብላ ነበር። ለማስጠረዝ ቅዳድ ጨርቅ ተሸክማ መንገዱ ጫፍ ላይ ያለው ልብስ ሰፊ ዘንድ መመላለስ ሰልችቷት ነበርና።

እሑድ መጣ። እትዬ ገቡ፤ ሁሉም ተነሳ፤ ተቀመጡ፤ ሁሉም ተቀመጠ። ሾፌሩ እጁን አጨበጨበ።

«ጉዳያችን ፕሌይስቴሽን ይገዛ ወይስ አይገዛ ነው። ለቤተሰቡ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም? አንተ ትፈልጋለህ፤ ስለዚህ አይገዛም በል።»

ትንሹ ተነሳ። «ዓይን ያደክማል ይባላል።»

«‹ይባላል› አይሠራም። ከልብህ።»

«እሺ! ጌም የገባበት ቤት ይፈርሳል! ትምህርት ቀረ፣ እንቅልፍ ቀረ! አባዬም ሲጫወት አድሮ አውቶቡሱን ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል!»

እትዬ እንኳ ከንፈራቸውን ነከሱ። ቀጥሎ ትልቋ ልጅ ተነሳች። ፈተና ደርሶባታል፤ ቤቱ ጸጥ እንዲል እንጂ ተጨማሪ ጩኸት እንዲገባ አትፈልግም፤ ስለዚህ ይገዛ ማለት አለባት።

«ይገዛ። ወንድሜ መንገድ ላይ ከሚቀር እዚህ ይጩህ። እኔም የሞተር ድምፅ እየሰማሁ ፈተናዬን በደስታ እወድቃለሁ።»

«ይሄ ሽሙጥ ነው!» አለ ትንሹ።

«ሕጉ ሽሙጥን አይከለክልም።»

ሾፌሩ ወደ መስኮቱ ዞረ። «እናታችሁ መቼም አትፈልግም። ስለዚህ አንቺም ይገዛ ብለሽ ተናገሪልን፣ ከዚያ እትዬ ይፍረዱ።»

ልብስ ሰፊዋ መቀሱን አስቀመጠች። ወንበሯን ከማሽኑ ወደ ሰዎቹ አዞረች። ወንበሩ ወለሉ ላይ ሲንፏቀቅ ያሰማው ድምፅ ለቤቱ እንግዳ ነበር።

«ይገዛ» አለች። «እዚህ ቤት ውስጥ አራት ሰዎች አለን፤ አራታችንም የየራሳችን ግድግዳ አለን። አንተ ደክመህ ትገባለህ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት እንቅልፍ ይዞህ ይሄዳል። እሷ መጽሐፏን ይዛ በሯን ትዘጋለች። ይሄኛው ማዶ ነው። እኔ ጀርባዬን ሰጥቻችሁ እሰፋለሁ። ሁላችንም ባንድ ነገር አብረን የጮኽነው መቼ ነው? እስቲ ንገሩኝ። ልጄን ጆሮውን ይዤ ማምጣት ሰልችቶኛል። እዚህ ይጫወት፤ አንቺ ስታጠኚ ግን አይከፈትም፣ የሚዘጋውም በእኔ እጅ ነው። ደግሞ ጨዋታ ለልጅ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ሰው ካደገ በኋላ እጁ ለሥራ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? እኔ አላልኩም። አልተጠየቅሁምም።»

ትንሹ አጨበጨበ። «እማዬ ተዋናይ ናት!»

«እንዴት አሳምራ ትዋሻለች!» አለ ሾፌሩ እየሳቀ። «እኔን ራሴን ልታሳምነኝ ምንም አልቀራት።»

«አልዋሸሁም» አለች።

ሳቁ መሀል መንገድ ላይ ቆመ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«የምፈልገውን ነው የተናገርኩት።»

«እንዴ፣ ሕጉን ጣስሽ እኮ! የሚፈልግ ሰው አይገዛም ነው የሚለው!»

«የሚፈልግ ሰው፣ አዎ። እኔ መፈለጌን ማን ጠየቀኝና? ‹መቼም አትፈልግም› ብለህ ቦታዬን የሰጠኸኝ አንተ ነህ። የሰጠኸኝ ቦታ ላይ ቆምኩ።»

ትልቋ መሬት መሬት ታያለች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ። መነጽር ሲያወልቁ ነገሩ ቀልድ አይደለም ማለት ነው።

«ኦቨርሎኩስ?»

«ይቆያል፣ እትዬ።»

«ሥራሽን የሚያቀልልሽን ትተሽ?»

«ሥራዬ ቢቀል ሌላ ሥራ ነው የሚጨመርብኝ። አውቀዋለሁ።»

«እናት ሆነሽ ከልጆች ጋር ጆይስቲክ ልትጨብጪ ነው?»

«ልጨብጥ ነው።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ሱሪውን ሊያሳጥር ሲመጣ እኔው እነግረዋለሁ። ከሌላ አይስማ።»

እትዬ ወንድማቸውን አዩት፤ ወንድማቸው ጣሪያውን አየ። ከዚያም ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ እንደ ጥንቱ የክፍል በር ላይ የቆሙ ይመስል ፈረዱ። «አይገዛም። ለቤተሰቡ የሚጠቅም ነገር አላየሁበትም።»

«ፍርድዎን አከብራለሁ፣ እትዬ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እገዛዋለሁ።»

«ይሄ ነው ማክበር?»

«አላቋረጥኩዎትም፤ እስከ መጨረሻው ሰማሁ። በዚህ ቤት እኔን እንዲህ የሰማኝ ሰው ዛሬ ነው የተገኘው፤ እሱም እየቀለድኩ መስሎት።»

እትዬ ቦርሳቸውን ይዘው ተነሱ። ሁሉም ተነሳ። ያን ዕለት ሻይ ሳይጠጡ ሄዱ።

በማግሥቱ ገዛችው። ካርቶኑን ትንሹ ታቅፎ፣ እሷ ከኋላ እየተከተለች፣ በመንገዱ መሀል በግላጭ አመጡት። ጫፍ ያለው ሰፊ በሱቁ በር ላይ ቆሞ ነበር። «ማሽኑ መጣ እንዴ?» አላት። «መጣ» አለችው። «ሌላ ማሽን ነው። ጠርዙን ገና አንተው ትጠርዝልኛለህ።»

ከዚያ በኋላ ቤቱ ገነት ሆነ ማለት አይቻልም። ጭቅጭቁ ጨመረ። ሾፌሩ በጨዋታም ሾፌር ነው፤ ኩርባ ባየ ቁጥር ፍሬን ይይዛል።

«አባዬ፣ ተሳፋሪ የለም እኮ!» ይጮሃል ትንሹ።

«ልምድ ነው፣ ምን ላድርግ!»

«ፌርማታ ላይ ሁሉ ልትቆም ነው!»

ተሸንፎ ሲያኮርፍ ሚስቱ አየችው። አኩርፎ እንኳ ከሶፋው አልተነሳም፤ እንቅልፍም አልወሰደውም። ትልቋ ሁለት ቀን በሯን ዘግታ ቆየች። በሦስተኛው ቀን መጽሐፏን እንደያዘች ወጥታ «አንድ ዙር ብቻ» አለች፤ ወንድሟንም አባቷንም ጥላቸው አለፈችና ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ስታጠና ጨዋታውን የሚያጠፋው የእናት እጅ ነው፤ ስለዚህም ክርክር የለም። ልብስ ሰፊዋ ቅዳዷን ተሸክማ ጫፍ ያለው ሰፊ ዘንድ መመላለሷን አልተወችም። ትከሻዋ ሲያማት ኦቨርሎኩ ትዝ ይላታል። ትዝ ብሏት ግን አልጸጸታትም።

እሑድ ደረሰ።

ሾፌሩና ሚስቱ እየተወዳደሩ ነበር። በሩ ተንኳኳ፤ ትልቋ ከፈተች፤ እትዬ ቦርሳቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው ገቡ። ትንሹ ብድግ አለ። ሾፌሩ ጆይስቲኩን ሶፋው ላይ ወርውሮ እንደ ወታደር ቆመ፤ መኪናው መንገዱ መሀል ላይ ተገትራ ቀረች።

ልብስ ሰፊዋ አልተነሳችም።

«አንቺ» አላት ባሏ በሹክሹክታ። «እትዬ ናቸው።»

«አይቻለሁ።» ዓይኗ ከስክሪኑ አልተነቀለም። «እትዬ፣ እንኳን ደህና መጡ። ዙሩን ልጨርስ።»

እትዬ ቆሙ። ሁሉም ቆመ። በቤቱ ውስጥ የሚሰማው የአንዲት መኪና ሞተር ብቻ ነበር። ቀኝ እግሯ ወለሉን ረገጠ። የመጨረሻው ኩርባ መጣ፤ እጇን አለዘበችለት፤ አለፈችው። መስመሩን ከተሻገረች በኋላ ጆይስቲኩን ጭኗ ላይ አኖረች፤ ተነሳች፤ ቀሚሷን አስተካከለች፤ ወደ እትዬ ሄዳ ጉንጫቸውን ሳመች፤ ቦርሳቸውን ተቀበለች።

እትዬ ስክሪኑን አዩ። «አሸነፍሽ?»

«ብቻዬን ነበርኩ። እሱ ለእርስዎ ተነስቶ ቆሞ ነበር።»

«ታዲያ ይሄ ምኑ ነው ማሸነፍ?»

ልብስ ሰፊዋ ስክሪኑ ላይ ተገትራ የቀረችውን የባሏን መኪና አየች።

«እውነትዎን ነው፣ እትዬ» አለች። ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ለእትዬ ወንበር ሳበችላቸው፤ ከዚያም ወደ ሶፋው ተመልሳ፣ እትዬ ገና ሳይቀመጡ፣ ተቀመጠች። ጆይስቲኩን አንስታ ለባሏ ዘረጋችለት።

«ቁጭ በል» አለችው። «ከመጀመሪያው።»