ለብቻ የቀረበ ብርጭቆ

ክልሉ ከመቋቋሙ በፊት ጋምቤላ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና እማር ነበር። የምታስተምረኝ ከደጋ የመጣች፣ በዕድሜ እናቴን የምታክል ሴት ነበረች። እትዬ እላት ነበር።

አንድ የፋሲካ ቀን የቢሮውን ሰው ሁሉ ቤቷ ጠራችን። ለሌላው ሁሉ ጠላ በብርጭቆ ቀረበ፤ ለእኔ፣ ለአገሬው ልጅ፣ በቢጫ የፕላስቲክ ኩባያ። ብርጭቆ አንሷት ይሆናል ብዬ ጠጣሁ። በኋላ ዕቃ ላነሣሣ ወደ ጓዳ ስሄድ፣ ኩባያዬን ከትሪው ላይ በሁለት ጣቷ አንስታ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችና እህቷን፣

«ይቺን ከሌላው ጋር እንዳታጥቢያት» አለቻት።

በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ዞር ብላ አየችኝ፤ አላፈረችም። እኔም አላለቀስኩም፤ ቂም ያዝኩ።

ክልሉ ሲቋቋም የአካባቢው ተወላጆች በየቦታው ተሾሙ። እኔም የጽሕፈት ክፍሉ ኃላፊ ሆንኩ፤ እሷ በእኔ ሥር ሆነች። በሥራዋ አልነካኋትም። የምፈልጋት ገበታ ላይ ነበር።

ቤት ሠርቼ የገባሁ ጊዜ የቢሮውን ሰው ጠራሁ። እናቴ ቦርዴ ጠምቃ ነበር። እኛ ቤት ቦርዴ በአንድ ትልቅ ቅል ይቀዳና ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። እኔ ግን ከገበያ አንድ ብርጭቆ ገዝቻለሁ፤ አንድ ብቻ፣ አበባ የተሳለበት። ወልውዬ፣ ከሥሩ ሰሃን አድርጌ እሷ ፊት አስቀመጥኩት።

ቅሉ ዞረ። ከደጋ የመጣው ገንዘብ ያዥ እንኳ ተቀብሎ ጠጣና ጢሙን እየጠረገ ሳቀ። እሷ ዘንድ ሲደርስ እኔ እየተቀበልኩ ለሚቀጥለው አሳልፋለሁ። በሦስተኛው ዙር እጇን ዘረጋች።

«እኔም ከእናንተ ጋር ልጠጣ እንጂ።»

«የለም እትዬ፣ ለእርስዎ ለብቻ ይሻላል። እንዳይቀላቀልብዎ ብዬ ነው።»

ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ አቀረቀረች፤ ጆሮዋ ቀላ። ደስ አለኝ። እስክትሄድ ድረስ ዓይኔን ከእሷ ላይ አላነሣሁም።

ሰኞ ቢሮ ገብታ፣ «ያኔ እኮ በሽታ ነበር፤ ፈርቼ ነው» አለችኝ።

«በሽታው እኔን ብቻ ነበር የያዘው?»

ወደ ጽሕፈት መኪናዋ ተመልሳ ወረቀት አስገባች።

ከወራት በኋላ ወደ መቲ ከተማ ተዛወረች። ልትሰናበተኝ እስከ ቤቴ በር መጣች። መልካም መንገድ አልኳት እንጂ ይግቡ አላልኳትም። እናቴ ከውስጥ ሰምታ፣ «መንገደኛ ከደጅ ይመለሳል?» ብላ በቋንቋችን ተቆጣችኝ። ሴትዮዋ መንገዱን እስክትሻገር በሩን ይዤ አየኋት።