የጋረደው ካሴቶች

ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ፣ ከሰሊጥ መጋዘኖቹ ጀርባ፣ ጋረደው የሚባል ካሴት ቀጂ አለ። «ነበረ ቢባል ይሻላል» የሚሉ አሉ፤ ካሴት ከሞተ ስንት ዘመኑ! እሱ ግን አልሞተም፣ ሱቁንም አልዘጋም። ስልክ ቻርጅ እያደረገ፣ ሚሞሪ ላይ ዘፈን እየጫነ የዕለት ጉርሱን ያገኛል። ከጀርባው ያለው መደርደሪያ ከወለል እስከ ጣራ ካሴት ነው፤ ከዚያ ሁሉ ግን አንዱም የሱ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከጎንደር ቆላ ተሰዶ እዚህ ሲገባ የሃያ አምስት ዓመት ጎልማሳ ነበር። ከርሞ ከርሞ አንድ ቴፕ ገዛና ዘፈን መቅዳት ጀመረ። ያኔ ካሴት የሚያስቀዳ ስደተኛ ሁሉ ከዘፈኑ በፊት ስሙን ተናግሮ ሰላምታውን ያስቀርጽ ነበር፤ ካሴቱ ወደ ዘመድ ሲላክ ድምፁም አብሮ እንዲደርስ። ኋላ ሰዉ ተበተነ። ገሚሱ አገሩ ገባ፣ ገሚሱ ባሕር ተሻገረ። ጓዙ የበዛበት ሁሉ ሳይልከው የቀረውን ካሴት እያመጣ «አደራህን፣ ስመለስ እወስደዋለሁ» እያለ ለጋረደው ተወለት። አራት መቶ ካሴት እንዲህ ተጠራቀመ። የተመለሰ ሰው የለም።

ሌላ ሰው ቢሆን ሽጦት ወይም ጥሎት ተገላግሎ ነበር። ጋረደው ግን «አደራ በላ» መባልን የሚፈራውን ያህል ሞትን አይፈራም። ሚስቱ ሙሉዬ «ከኔ ጋር ነው ወይስ ከካሴቶቹ ጋር የቆረብከው?» እያለች ትነተርከዋለች። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላታል፤ ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም። አምና ክረምት ጣራው አፈሰሰና ሠላሳ ስምንት ካሴት ሻገተ። ያን ሰሞን እህል አልወርድለት አለ። ስድሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ ባለቤቶቹ ሳይመጡ ካሴቶቹም እሱም ሊያልቁ ነው።

በዚያው ዓመት ሙዳሲር መጣ። ካርቱም ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ የነበረ ሱዳናዊ ነው፤ ጦርነቱ አንድ ቦርሳና አንድ አሮጌ ላፕቶፕ አስይዞ ገዳሪፍ ላይ ጣለው። ሙሉዬ ሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ ብታየው ጠርታ አበላችው፣ ማደሪያም ሰጠችው። ስደት ምን እንደሆነ ማንም ሊነግራት አያስፈልግም።

አንድ ቀን ጋረደው የሻገተ ካሴት በጨርቅ ሲጠርግ ሙዳሲር አየውና አጎቴ ለማለት በአረብኛው «ያ ዐም፣ ለምን ወደ ላፕቶፑ አንገለብጣቸውም?» አለው። «ኢንተርኔት ቢቋረጥም ባይቋረጥም ግድ የለንም። ማሽኑ እዚሁ ሱቅህ ውስጥ ይቀመጣል፤ ደጃፍህ የተቀመጠ ሰው ሁሉ በስልኩ ከፍቶ ይሰማል።»

ላፕቶፑ ላይ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ጫነበት፤ ነፃ ነው፣ ለአሮጌ ማሽንም አይከብድም። ቴፑን በሽቦ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙት። ካሴት አቋራጭ መንገድ የለውም፤ የሰዓት ተኩሉን ካሴት በሰዓት ተኩል ነው የሚገለብጡት። የሱቁ የሶላር ባትሪ እስኪደክም በቀን ሦስት፣ ግፋ ቢል አራት። ሻጋታ የበላቸውን እንኳ ሙዳሲር እየፈታ፣ እያጠበ፣ እየገጠመ ከሁለቱ በቀር ሁሉንም አዳናቸው። ጋረደው ያን ጊዜ የመረቀውን ምርቃት ለልጆቹም መርቆ አያውቅም።

በአምስተኛው ወር ዋይፋይ ማሰራጫ ሰክተው ከፈቱት። የካሴቶቹ ዝርዝር በጋረደው ስልክ ላይ መጣ፤ ድምፅ ግን የለም። ጋረደው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ። ሙዳሲር አየት አድርጎ ሳቀ። «ዘፈኖቹ ያሉበት ማኅደር በኔ ስም ነው ያለው፤ ዘፈን አጫዋቹ ፕሮግራም ደግሞ ለማሽኑ ሌላ ሰው ማለት ነው። ባለቤቱ ሳይፈቅድ ማሽኑ አያስነካውም። እንዲያነብ ብቻ ልፍቀድለት፣ መሰረዝ አይችልም።»

ጋረደው ላፕቶፑን መታ መታ አደረገው። «እንዴ! ይህስ አደራ ያውቃል እኮ!»

የተጣሉት ስም ላይ ነው። ፕሮግራሙ የዘፋኙን ስም ይጠይቃል። ጋረደው በየካሴቱ የባለቤቱን ስም እስከነአባቱ አስሞላ። «ያ ዐም፣ ይህ የዘፋኝ ቦታ ነው!» ቢለው፣ «ዘፋኙ አደራ አልሰጠኝም» ብሎ ሞተ። ግትር ነው፤ ሙዳሲርም ደከመውና «ኸላስ፣ በቃ፣ እንዳልከው» አለ።

ወደ ዶካ እርሻዎች ለሰሊጥ አጨዳ የሚያልፉ የቀን ሠራተኞች ደጃፉ ተቀምጠው ስልካቸውን ሲከፍቱ ሰምተው የማያውቁት ዘፋኝ መዓት ተደረደረላቸው። አንድ ዘፈን ሦስት ዘፋኝ ይዘፍነዋል፣ በአንድ ድምፅ! ታምሬ የሚባል ተረበኛ አጫጅ «የገዳሪፍ ዘፋኞች» እያለ ስማቸውን በቃሉ ይደረድር ጀመር። ቀልዱ ሎሪ ላይ ተሳፍሮ ፋው ገባ፣ ከሰላ ገባ። ጋረደው መሳቂያ ሆነ፤ ሙሉዬም ከሳቂዎቹ አንዷ ነበረች።

በመስቀል ማግሥት አንዲት ሴት ከከሰላ አውቶቡስ ወርዳ ሱቁን እያጠያየቀች መጣች። ብፅአት ትባላለች፤ ከአገር ቤቱ ጦርነት ሸሽታ ከሰላ የምትኖር ናት።

«አባባ፣ እምባየ ተስፉ የሚባል ዘፋኝ እርስዎ ጋ አለ ብለው አጫጆች ሲሳሳቁ ሰማሁ» አለች። «የአባቴ ስም ነው። አባቴ ግን ዘፋኝ አልነበረም።»

ጋረደው ስልኩን ከፍቶ አቀበላት። ከዘፈኑ በፊት የአንድ ወጣት ድምፅ ጉሮሮውን ጠረገና «እኔ እምባየ ተስፉ ነኝ፣ ደኅና ነኝ፣ ስለኔ አታስቡ» አለ። ብፅአት መሬት ላይ ቁጭ አለች። አባቷ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ፎቶው እንኳ በሽሽት ጠፍቷል። ደጋግማ ሰማችው፤ ሙሉዬም ሳቋን ትታ አጠገቧ ተቀመጠች።

ጋረደው ከመደርደሪያው ካሴቱን አወጣ፣ በነጠላው ጫፍ ወለወለው፣ ፊት ለፊቷም ቆመ።

«በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ አገሩ ሊገባ ሲል፣ አባትሽ በእጄ ነው የሰጠኝ። አንቺም በእጅሽ ተቀበይኝ።»

ብፅአት ተነሥታ በሁለት እጇ ተቀበለችው፤ ጉልበቱንም ልትስም ጎንበስ አለች። ጋረደው ትከሻዋን ይዞ አቀናት። እንባው ጺሙን አርሶት ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አላት። «አመስጋኙስ እኔ ነኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ስጠብቅሽ ነበር።»