ዘሃራን ማጠብ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ

ኧረ ውሸት ነው በሉኝ! ዘሃራ ሞተች ይሉኛል። የኔዋ ዘሃራ፣ የሐይቋ ልጅ። ሰሞኑን እኮ በድምፅ መልእክት ስትስቅብኝ ነበር።

መሞቷን የነገሩኝን መልእክት ደጋግሜ ሰማሁት። ትናንት ሆዷን አሟት ሆስፒታል ገባች፣ ዛሬ ጠዋት አረፈች። ከዓስር ሶላት በኋላ መካ ሐረም መስጊድ ይሰገድባትና ትቀበራለች።

እኔስ የት ነኝ? ሽርሽር! ማዳምና ቤተሰቧ ከጂዳ ይዘውኝ ወጥተው፣ ከጣኢፍ ወዲያ የመንግሥት ደን ውስጥ፣ ግድቡ ዳር ድንኳን ተክለናል። እነሱ ከሽታ ይሉታል። ኔትወርክ ያለው እዚህ ድንጋይ ላይ ብቻ ስለሆነ ቆሜ ነው የምጽፈው። ስህተት ካለው እለፉኝ።

ከዘሃራ ጋር የተዋወቅነውም እዚሁ ነው። የእሷ ማዳም የኔ ማዳም እህት ናት። እሷ መካ ዓዚዚያ ሰፈር፣ እኔ ጂዳ፤ የምንገናኘው ሁለቱ ቤተሰብ ለከሽታ ሲወጣ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ቀን ከሰሉ እምቢ ብሎኝ እፍ እፍ ስል ከኋላዬ መጣች። "አንቺ፣ ወሎ ነሽ አይደል?"

"በምን አወቅሽ?"

"ሌላ ሰው ይሄኔ ተሳድቦ ነበር" ብላ ምድጃውን ከድንጋይ ጀርባ አዞረችው። ወዲያው ተያያዘ።

"ቤት እያላቸው መሬት ላይ ለመተኛት ይህን ሁሉ መንገድ ይመጣሉ" እያለች ታስቀኝ ነበር። ሲከፋኝ ካየች ደግሞ "አየር ሳቢ! አየሩ እንደሆነ የኢቃማ ወረቀት አይጠይቅም" ትለኝና ራሷ ደረቷን ነፍታ ታሳየኛለች።

አንድ ቀን የልጆቹ ኳስ ውሃ ገባ። መዋኘት ክልክል ነው የሚል ታፔላ አለ። ዘሃራ ከነዓባያዋ ገባች! ሐይቅ ዳር ያደገች፣ ማን ይመልሳታል? ኳሱን ወረወረችላቸውና እሷ መሃል ላይ ቀረች። ወንዶቹ ይጮኻሉ፣ ማዳሞቹ ይጮኻሉ፣ እኔ ልቤ ወልቋል። ስትወጣ ተቆጣኋት።

"እዚያ መሃል ሲጠሩኝ አይሰማም" አለችኝ። ያኔ ሳቅኩ።

የዚያን ቀን ዕቃ ስናጥብ፣ አንዲት የሰፈሯ ልጅ እዚህ አገር ሞታ ጀናዛዋን የማያውቋት ሰዎች እንዳጠቡት ነገረችኝ። "እኛስ እንዲህ አንሆንም። የቀደመችዋን የቀረችው ታጥባት። ወላሂ በዪ።"

ወላሂ አልኩ።

ዛሬ ማዳምን እግሯ ላይ ወድቄ ለመንኳት። እሷም ሰው ናት፣ አቅፋኝ አለቀሰች። አሁን በመኪና ብንወርድ እንደርሳለን አልኳት። ባሏን አየችው። ባሏ እሳት ላይ ያለውን ሥጋ አየ። እንግዳ ተጠርቷል። "ነገ ስንመለስ መቃብሯ ጋ እንወስድሻለን" አለችኝ። ከዚያ ሻይ እንድጥድ ነገረችኝ። ጣድኩ።

በእግሬ ልውረድ? ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ማዳም ቦርሳ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ፍተሻ ላይ ይዘው ሹመይሲ እስር ቤት ያስገቡኛል፣ ከዚያ ወደ አገር። እናቴን ማን ያሳክማታል? አጥር የለ፣ ዘበኛ የለ፤ ዙሪያዬን ጥድና ሰማይ ነው። ግን አንዲት እርምጃ መሄድ አልችልም። ወላሂ ታፍኛለሁ!

መካ ያላችሁ እህቶቼ፣ ይህን ካያችሁ ሩጡላት። የሚያውቃት አንድ ሰው እንኳ አጠገቧ ይኑር።

ዘሃራዬ፣ ስልኬ ላይ የዓስር አዛን ተሰማ። እንግዲህ ታጥበሻል፣ ተከፍነሻል። ማን እንዳጠበሽ አላውቅም፤ ከየት አገር እንደሆነች፣ ስሟን እንኳ አላውቅም። የተጎነጎነ ፀጉርሽን ስትፈታው ቀስ ብላ ይሁን። አውፍ በዪኝ፣ ይቅር በዪኝ፣ እህቴ። በሰላም ሂጂ። እሷንም አላህ እጇን ይባርከው፤ የኔን ሥራ ሠርታልኛለችና።