ውሻዬ በተራ የዞረበት ፋሲካ

ወረታ የገባሁት ከጎጃም ነው፤ የሩዝ መፈልፈያ ሞተር እንድጠግን ተቀጥሬ። ሞተር ማንም አላስተማረኝም፤ ፈትቼ፣ ተሳስቼ፣ መልሼ ገጥሜ ነው ያወቅሁት። ፊደሉንም ቢሆን የለቀምኩት በዚያው መንገድ ነው። ስለዚህ ሰው ራሱን ችሎ መኖር አለበት የሚል እምነት አደረብኝ፤ ዛሬም አልለቀቀኝም። ጎረቤት ጨው ቢያልቅበት እሰጣለሁ፤ እኔ ግን ከጎረቤት ጨው አላስመጣም። ሚስቴ «ሰው እንዴት ጨው ሳይበዳደር አብሮ ይኖራል?» ስትለኝ «ገዝቶ» እላታለሁ። ውለታ የገባ ሰው አንገቱ የራሱ አይደለም። ልጆቼንም ያስተማርኳቸው ይህንኑ ነው።

ውሻውን ያመጣሁትም ለዚሁ ነበር። ልጆቼ ያቅፉታል፣ ጆሮውን ይጎትቱታል፣ ከእንጀራቸው ቆርሰው ያጎርሱታል። ለሌላው ሰው ግን በር ላይ የታሰረ ጥርስ ነበር። እሳት ልትጭር የመጣች ጎረቤት ሳትቀር ከአጥሩ ውጭ ቆማ ትጣራለች። ሰው ቤቴን ሲፈራው እኔ እፎይ እል ነበር።

ባጃጅ ወረታ ገና ባልገባበት ዘመን፣ በአንዱ ፋሲካ፣ ደብረ ታቦር ያሉት የሚስቴ አባት ታመሙ። በዓሉን እዚያ ውለን ዳግማይ ትንሣኤን አሳልፈን ልንመለስ ተስማማን። ውሻውስ? ጎረቤት «አደራ» ማለት ለእኔ የማይሆን ነገር ነው። አደራ ውለታ ነው፤ ደመወዝ ግን ተከፍሎ ያልቃል። ስለዚህ ከጓሮዬ ጀርባ የሚኖር የአንድ ሸማኔን ሴት ልጅ ቀጠርኩ። ስምንተኛ ክፍል የምትማር፣ ሰው ንግግሩን ሳይጨርስ የምትመልስ ልጅ ነበረች።

«ጠዋትና ማታ ታበይዋለሽ። ውሃውን ትቀይሪለታለሽ። ውሻው ከግቢ አይወጣም፤ ሰውም ግቢ አይገባም» አልኳት።

«እኔስ እገባለሁ፣ ጋሼ?»

«አንቺማ ተቀጥረሻል።»

«እሱ ያውቃል?» አለችና ወደ ውሻው በአገጯ ጠቆመች።

እስኪለምዳት ድረስ እየመጣች እንድታበላው አደረግሁ። የሥራዋን ግማሽ ክፍያ በእጇ ሰጥቼ፣ ግማሹን ስመለስ ልከፍላት ተዋውለን ሄድን።

ስንመለስ ሰንሰለቱ በቋሚው ላይ ተጠምጥሟል፤ ውሻው የለም። ልጆቼ ማልቀስ ጀመሩ። እኔ ቀን ሙሉ በጭነት መኪና ላይ ስንገላታ ውዬ ወገቤ አልቋል፤ ልጅቷን ጠርቼ የት እንዳለ ጠየቅኋት።

«ዛሬ ፊት ለፊት እነ አባባ ቤት ነው፣ ጋሼ።»

«እዚያ ምን ይሠራል?»

«ተራቸው ነዋ!»

ፎገራ ሜዳ ላይ የአንድ መንደር ሰዎች ከብቶቻቸውን በአንድነት ያሰማራሉ። ዛሬ የአንዱ ቤት ሰው ይጠብቃል፣ ነገ የሌላው፤ ማንም ለማንም አይከፍልም፤ ተረኛ ግን ተራውን አያሳልፍም። ልጅቷ ውሻዬን እንደዚያ ከብት አድርጋው ነበር።

ነገሩ የጀመረው በማላዘን ነው። እኛ በወጣንበት ሌሊት ውሻው አንገቱን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ ሲያላዝን አደረ። በማግስቱም ደገመ። ከእኛ ፊት ለፊት ሁለት አረጋውያን ባልና ሚስት ይኖራሉ፤ ሽማግሌው ያኔ አልጋ ላይ ነበሩ። ውሻ ሲያላዝን ሞት ይጠራል ይባላል፤ ባልቴቲቱ ሁለት ሌሊት አልተኙም። ጠዋት ልጅቷን «ነይ እስቲ፣ ይህን መርዶ ነጋሪ ወደዚህ አምጭው፤ ሰው ካየ ዝም ይል እንደሆነ» አሏት። አንገቱ ላይ ገመድ አስገብታ ወሰደችው። ዝም አለ። የፋሲካ ዕለት ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ቅርጫ ገብቶ በሬ አርዶ ስለነበር አጥንት የሌለበት ቤት አልነበረም። አንዱ ቤት «ለእኛም አምጭው» አለ፤ ሌላው ቤት «ነገስ የኛ ነው» አለ። እንዲህ እየተባለ ዞረ።

ሄጄ አየሁት። ውሻዬ የሽማግሌው እግር ላይ አገጩን አስደግፎ ተኝቷል። ሲያየኝ ጭራውን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ መታ አደረገና አልተነሳም።

ቤት ስንመለስ ልጅቷን ተቆጣኋት። «የተዋዋልኩት ከአንቺ ጋር ነው። ከሰፈሩ ጋር አይደለም።»

«ውሻው ሞተ፣ ጋሼ?»

«አልሞተም።»

«ከሳ?»

«ወፍሯል።»

«ታዲያ ጥፋቴ ምንድን ነው?»

ሚስቴ ልብስ እያወጣች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እንደምትስቅ ከትከሻዋ አወቅሁ። ቀሪውን ከፈልኳት። እሷ ተቀብላ ሄደች፤ እኔ ግን አልተገላገልኩም። ለልጅቷ ከፈልኩ እንጂ ለሰፈሩ አልከፈልኩም። ከእንግዲህ የማገኘው ሰው ሁሉ ውሻዬን ያበላ ሰው ነው።

በማግስቱ ከሥራ መልስ ገንዘብ ይዤ ቤት ለቤት ወጣሁ። እንዲህ ዓይነት ነገር ሠርቼ አላውቅም ነበር። አንዷ ሴት ገንዘቡን አይታ «ምነው፣ ቀበሌ የውሻ ግብር ጀመረ?» ብላ ሳቀችብኝ። ሌላዋ በሩን መልሳ ገፋችው፤ ይህኛው ይበልጥ ከነከነኝ። መጨረሻ ሽማግሌው ዘንድ ገባሁ። ትራስ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር።

«ለውሻው ላወጡት ነው፣ አባባ» አልኳቸው።

ገንዘቡን ሳይሆን እኔን ተመለከቱኝ። «ቅርጫው ላይ ለውሻ ብቻውን መደብ ወጣ ብለው ነገሩህ?»

«የለም…»

«እኔ ቤት የበላ እንግዳ ሒሳብ ጠይቆ አያውቅም። ውሻህም አልጠየቀኝ። በል አስገባው፣ ልጄ።»

ወደ ኪሴ መለስኩት። ያኔ ተናድጄ ነበር፤ ሰውን ዕዳ ውስጥ አስገብቶ መክፈያ መንገዱን መዝጋት ደግነት አይመስለኝም ነበር። ዛሬም ሙሉ በሙሉ አይመስለኝም። ግን አዛውንቱ በዚያ የሕመም አልጋ ላይ ሆነው ተራቸው በደረሰ ቁጥር ከውሻዬ ጋር እንደዋሉ፣ ከእሱም ጋር ያወሩ እንደነበር ባልቴቲቱ ሲነግሩኝ፣ ማን ለማን ውለታ እንደዋለ መለየት አቃተኝ።

ውሻው ለጥበቃ አልሆነም። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ጠረን ያውቃል፤ ማንም በር ከፍቶ ቢገባ ቀና ብሎ አይቶ መልሶ ይተኛል። ጥርሱ እንዳለ ነው፤ የሚያሳየው ሰው አጣ እንጂ። ልጆች ኳስ ሊያወጡ ይገባሉ፤ ሴቶች ወንፊት ሊዋሱ ይገባሉ። ማታ ደክሞኝ ስመጣ በረንዳዬ ላይ ሰው ተቀምጦ አገኛለሁ። ሚስቴ ግን ፊቷ በራ። ይህን አለመጻፍ ውሸት ይሆናል።

ከግንቦት ወዲያ ባልቴቲቱ በሩን ገፍተው እስከ በረንዳው መጡ። ሽማግሌው ተሽሏቸዋል፤ ስለት ስላለባቸው ጣራ ገዳም ሄደው ሊሰነብቱ ነው።

«ዶሮዬ እንቁላል ታቅፋለች» አሉኝ። «ይህችኛዋ ካላነሷት መብላት ትረሳለች። ጠዋት አንስተህ ታበላታለህ፤ እንቁላሉ ሳይበርድ ትመልሳታለህ።»

«ልጅቷን ቢቀጥሯት አይሻልም?»

«ተራው ያንተ ሆኖ ሳለ ሰው ልቅጠር?»

ቅርጫቱን ከነዶሮዋ ተቀበልኩ። ጠዋት ጠዋት ከመፈልፈያው የመጣ ስብርባሪ ሩዝ እፊቷ በትኜ፣ እስክትጨርስ ዱካ ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ሚስቴ እንድታግዘኝ ብጠይቃት «እኔን ማን ተራ አስገባኝ?» አለችኝ። ሥራ ቦታ አረፍድ ጀመር፤ አለቃዬ ምክንያቱን ሲጠይቀኝ እውነቱን ነገርኩት፤ የቀልድ ሰው ሆንኩ።

አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል እንድደርስ የሚያስገድድ የተሰበረ ሞተር ገጠመኝ። በዋዜማው ልጅቷን አጥሩ ላይ አገኘኋትና «ነገ ጠዋት ዶሮዋን አብይልኝ፤ እከፍልሻለሁ» አልኳት።

«በገንዘብ ከሆነ ፈተና አለብኝ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ በምን?»

«በውለታ ከሆነ እመጣለሁ።»

«ምን ልትጠይቂኝ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ? ሲመጣ ይመጣል።»

ዕድሜዬን ሙሉ ስሸሸው የኖርኩት ነገር ይህ ነበር፦ መጠኑም ቀኑም የማይታወቅ ዕዳ። ደክሞኝ ስለነበር ይሁን አምኜበት፣ እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም።

«እሺ፣ በውለታ ነይ» አልኳት፤ በጠዋትም ዶሮዋን ለእሷ ትቼ ወደ ሞተሬ ሄድኩ።